ሳይነገረው በቡና የሚሰጥ መድኃኒት፦ ለታመመ ወንድማችን የሚገባው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እኅቱ ነኝ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ቤተሰቦቼ ያሉት ግን መንዝ ነው። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ሴሚስተር ሲቀረው እንቅልፍ አጣ፤ ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ ተወ፤ ቆይቶም ሰዎች ሊመርዙት እንደሚፈልጉና ሐሳቡን ከሩቅ እንደሚያነቡት ይነግረን ጀመር። አዲስ አበባ ወስደነው አምስት ሳምንት ተኝቶ ታከመ። የሕመሙ ስም ስኪዞፍሬኒያ መሆኑ ለአባታችን ተነገራቸው፤ ለእሱ ግን ምን እንደታመመና ምን እየተሰጠው እንደሆነ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው አልነበረም። በገባበት ሌሊት አራት ሰዎች መሬት ላይ አስተኝተው ይዘውት መርፌ እንደወጉት እስከ ዛሬ ያነሳል። ከዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሲወጣ ደኅና ነበር፤ ክኒኑን ስምንት ወር ያህል ከወሰደ በኋላ ግን አቆመው፤ ለምን እንዳቆመም አልጠየቅነውም፤ ተቆጣነው እንጂ።

ሕመሙ ሲመለስ ቤተሰቡ ወደ አንድ የጠበል ስፍራ ወሰደው። በተከራዩት ክፍል ውስጥ እግሩ ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ቆየ። ልጠይቀው ሄጄ ሳየው ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ቆስሎ፣ ሌሊት ለሽንት ለመውጣት እንኳ ሰው መለመን የሰለቸው ሆኖ አገኘሁት። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አባታችን ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ሄደው ሰንሰለቱን አስፈትተው ወደ ቤት መለሱት።

አሁን ያለንበት ችግር ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሠራ አንድ ዘመዳችን ሃሎፔሪዶል የሚባል ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ክኒን ሰጥቶን «ፈጭታችሁ በቡናው ጨምሩለት፤ ሳያውቀው ይድናል» አለን። እናታችን ጠዋት ጠዋት አቦሉ ላይ ትጨምርለት ጀመር። በሦስተኛው ቀን እንቅልፉ ተመለሰ፤ በአራተኛው ቀን ከእኛ ጋር ምሳ በላ፤ እናቴም ልጄን መለሰልኝ ብላ አለቀሰች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ይያዝበታል፤ ዓይኑም ወደ ላይ ሄዶ ይቀራል። እናቴ መንፈሱ ሲወጣ የሚያደርገው ነው ትላለች፤ እኔ ግን ከመድኃኒቱ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።

ዕውቀቱ ያላችሁ እንድትመልሱልኝ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሰው ሳያውቅ፣ ለጤናው ተብሎም ቢሆን፣ መድኃኒት መስጠት ከሥነ ምግባርም ከሕግም አንጻር ይፈቀዳል ወይ? የታመመ ሰው «አልፈልግም» ሲል ቃሉ የሚከበረው እስከምን ድረስ ነው? ሰንሰለቱንም ማታለሉንም ከተውን የቀረን መንገድ የትኛው ነው?

መልስ 1፦ የአእምሮ ጤና ነርስ (ሰሜን ሸዋ)

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ወንድምዎን ዛሬውኑ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። የነገሩን የአንገት መጣመምና የዓይን ወደ ላይ መቅረት ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመጡት የታወቀ የጡንቻ መኮማተር ነው። አንዳንድ ጊዜ ምላስንና ጉሮሮን ይዞ ትንፋሽ እስከማወክ ሊደርስ ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒት ግን አለው፤ በመርፌ ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይለቀዋል። ለሚቀበላችሁ ባለሙያ ምን ዓይነት ክኒን፣ ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ቀን እንደሰጣችሁት አንድም ሳትደብቁ ንገሩት። የክኒኑን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ። እግሩ ላይ የሰንሰለት ቁስል ካለም ያሳዩ፤ የቴታነስ መከላከያ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላልና።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በድብቅ የሚሰጥ መድኃኒት ክፉነቱ አንዱ ከዓይናችን ፊት የደረሰው ነው። ሰውየው መድኃኒት መውሰዱን ስለማያውቅ አንገቱ ሲጣመም «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ሊል አይችልም፤ ቤተሰቡም ምሥጢሩ እንዳይወጣ ፈርቶ ሕክምና ከመውሰድ ይዘገያል፤ በመካከሉ ሕመሙ የመንፈስ ሥራ ተብሎ ይተረጎማል። ሌላም አለ። ይኸው መድኃኒት በአንዳንዱ ሰው ላይ መቀመጥና መቆም የሚያሳጣ የውስጥ መቅበጥበጥ ያመጣል። በግልጽ የሚታከም ሰው «እረፍት አጣሁ» ብሎ ይነግረናል፤ መጠኑንም እንቀንስለታለን። በድብቅ የሚሰጠው ሰው ግን ሲቅበጠበጥ ሕመሙ የባሰበት ይመስላል፤ ቤተሰቡም መጠኑን ይጨምራል። ስኒውን ግማሽ ጠጥቶ ሲተወው ግማሽ መጠን፣ ሁለት ስኒ ሲጠጣ ደግሞ እጥፍ እንደሚሆንም አይዘንጉ። የሚፈጭና የማይፈጭ ክኒን መኖሩም ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ከመጠን ጋር የተያያዘው አይደለም። የወንድምዎ ሕመም ዋና ምልክት ሰዎች ሊመርዙኝ ነው የሚል ፍርሃት መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ላለበት ሰው ከእናቱ እጅ በሚጠጣው ቡና ውስጥ የተደበቀ ነገር ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡበት። ይህን የምለው እናትዎን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ አስታማሚ የሆነች ሚስት «ምን ላድርግ?» ስትለኝ «በሾርባው አድርጊለት» ብያለሁ፤ ያንን ምክር እስከ ዛሬ እጸጸትበታለሁ፤ ሰውየው ባወቀ ዕለት ከቤቱ ወጥቶ ሄዷልና።

ወንድምዎ መድኃኒቱን ያቆመበትን ምክንያት እንዳልጠየቃችሁት በግልጽ ጽፈዋል። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምራለሁ። በክትትል ክፍላችን መድኃኒት አቁመው ከሚመጡት ብዙዎቹ ምክንያት አላቸው፤ አንዱ ቀን ሙሉ ይደነዝዘኛል ይላል፤ ሌላው ምራቄ ይዝረከረካል፣ ሌላው በትዳሬ ላይ ችግር አመጣብኝ ይላል፤ የዚህን የመጨረሻውን ስሞታ ወንዶች በአባታቸው ፊት አይናገሩትም። መጠኑን በመቀነስ፣ ሰዓቱን በመለወጥ ወይም መድኃኒቱን በሌላ በመተካት የሚፈታው ጥቂት አይደለም። በየዕለቱ መዋጥ ለሰለቸው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚወጋ መርፌ አለ። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ በክኒን ሞክሮ መስማማቱ ሳይታይ መስጠት አይገባም፤ ገላ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሳምንታት ሊወጣ አይችልምና። ፈቃዱን የምንጠይቀውም ስለዚህ ጭምር ነው፤ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ መመለሻ የሌለው ሕክምና ነውና ዛሬ በደንብ ሊነገረው ይገባል።

ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ ማስፈረም የሚመስለን ባለሙያዎች አለን፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የዓለም የሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 በሐዋይ የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር መግለጫ ያወጣው በሶቪየት ኅብረት ጤነኛ ሰዎች በፖለቲካ አቋማቸው ብቻ የአእምሮ ሕሙማን ተብለው መታሰራቸው ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን ነበር። ሙያችን ከሌላው ሕክምና የሚለየው ሰውን ያለ ፈቃዱ የመያዝ ሥልጣን በእጁ ስላለ ነው፤ ስለዚህ ከማንም በላይ ራሳችንን መጠበቅ ያለብን እኛው ነን። ራሱን ወይም ሌላውን ለመግደል የተነሳን ሰው አንዳንድ ጊዜ መያዝ ግድ እንደሚሆን አልክድም፤ በሥራዬ አድርጌዋለሁ። ይሁን እንጂ ያዝነው ማለት መናገር አቆምን ማለት አይደለም፤ እየያዝን የምናደርገውን በስሙ እየጠራን ልንነግረው፣ ሲረጋጋም አጠገቡ ተቀምጠን ለምን እንደያዝነው ልናስረዳውና ምን እንደተሰማው ልንጠይቀው ይገባል። በወንድምዎ ላይ የቀረው ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ከአምስት ሳምንት ሕክምና ውስጥ ያንን ሌሊት ብቻ ይዞ የቀረው።

መልስ 2፦ ታምሜ አውቃለሁ

እኅቴ፣ የምነግርሽ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። የተወለድኩት አንኮበር አካባቢ ነው፤ እኔም የታመምኩት በወንድምሽ ዕድሜ ነበር። እኔንም የተከተለኝ ሐሳብ ሊመርዙኝ ነው የሚል ነበር። ጎረቤቶቼን፣ አስተማሪዎቼን፣ በመጨረሻም ወንድሞቼን ጠረጠርኩ። አንድ ሰው ብቻ አልጠረጠርኩም፤ እናቴን። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ የምበላው ከእሷ እጅ የመጣውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከጠላዬ ሥር ነጭ ዝቃጭ አየሁ። ሳፋጥጣት ዋሽታ ማለፍ አልሆነላትም።

ሰዎች የታመመ ሰው የሚያስበው ሁሉ ከንቱ ይመስላቸዋል። እኔ ለወራት «በምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ስል «ታመሃል እንጂ የለም» ተብያለሁ፤ ከዚያ በገዛ ዓይኔ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪሙ ሐሳብህ የሕመም ነው ቢለኝ እንዴት ልመነው? እውነትና ሕመም የምለይበት አንድ የቀረኝ ምልክት እናቴ ነበረች፤ እሱም ጠፋ። ከቤት ወጥቼ ለአንድ ዓመት ያህል በሸዋ ሮቢት መንገድና ከዚያም ወዲያ ተንከራተትኩ። ያዳነኝ በኋላ ያገኘሁት ሕክምና ነው፤ መድኃኒቱን ዛሬም እወስዳለሁ፤ ስለዚህ መድኃኒት የምጠላ ሰው እንዳልመስልሽ። የምጠላው ሌላ ነገር ነው።

ታስሬም አውቃለሁ። ስለ ሰንሰለት የሚያወሩ ሰዎች ስለ ቁስሉ ያወራሉ፤ ቁስል ይድናል። እኔ ከሁሉ የከበደኝ ሰዎች ከፊቴ ቆመው ስለ እኔ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ መነጋገራቸው ነበር። «በላ ወይ? ሸና ወይ? ጮኸ ወይ?» ይባባሉ ነበር። አንዲት እንግዳ ጠበልተኛ ብቻ «በርዶሃል?» ብላ በቀጥታ ጠየቀችኝና በርኖሷን ደረበችልኝ። ከዚያ ወቅት በፊቷ መልክ የማስታውሰው ሰው እሷን ብቻ ነው።

የሚጠቅምሽ ከሆነ እኛ ቤት ያደረግነውን ልንገርሽ። ደኅና በሆንኩበት ጊዜ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተቀምጠን አንድ ወረቀት ጻፍን። እንቅልፍ ሦስት ሌሊት ካጣሁ ወደ ክትትሌ እንዲወስዱኝ ፈቅጃለሁ፤ የሚወስደኝ ወንድሜ እንጂ ፖሊስ እንዳይሆን፣ የማይስማማኝን መድኃኒት ስም፣ ሥራ ቦታዬ ለማን ብቻ እንደሚነገር፣ ላሜን ማን እንደሚጠብቅልኝ ሁሉ አለበት። ሁለት ጊዜ ሠርቶልናል። በሁለቱም ጊዜ ስታመም «አልሄድም» ብዬ ነበር፤ ወንድሜ ግን በእጄ የጻፍኩትን አውጥቶ አነበበልኝ። የተጣላሁት ከእሱ ጋር ሳይሆን ከራሴ ቃል ጋር ሆነ፤ ተነስቼም ሄድኩ።

መልስ 3፦ አስታማሚ አባት

የተከበራችሁ ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በአክብሮት አነበብኩ፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። እኔ ልጄን አስሬ አውቃለሁ። ቤታችን ከጣርማበር ብዙም የማይርቅ፣ ከደጁ ገደል ያለበት ነው። ልጄ ሌሊት ተነስቶ ወደዚያ ገደል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ከአፋፉ ላይ ደርሼ ይዤዋለሁ። ሦስተኛው ቀን እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ከአልጋዬ ጋር በገመድ አሰርኩት፤ እኔም ሌላውን የገመድ ጫፍ ወገቤ ላይ አስሬ አጠገቡ ተኛሁ። በዚያን ጊዜ ቅርቡ የአእምሮ ሕክምና ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ለመኪናና ለማረፊያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በሬ መሸጥ ነበረብኝ፤ ሸጥኩም። ሄደን «አልጋ የለም» ተብለን ተመለስን።

መብት ትላላችሁ፤ ትክክል ነው። ግን ያ ሌሊት ልጄ የነበረው መብት ምንድን ነው? ገደሉ ውስጥ የመግባት መብት ነው ወይ? ቤተሰብ ጨካኝ ስለሆነ ብቻ ያስራል ብላችሁ እንዳታስቡ። አብዛኛው የሚያስረው ሌላ የሚይዝለት እጅ አጥቶ ነው። እናንተ «ሰንሰለቱ ይፈታ» ስትሉ እኔ የምጠይቀው ከፈታነው በኋላ ሌሊቱን ማን አብሮን እንደሚያድር ነው።

መልስ 4፦ የሕግ ባለሙያ

በመጀመሪያ ለአባታችን ልመልስ፤ ምክንያቱም ጥያቄያቸው ከሕጉ ውጭ ሳይሆን የሕጉ መካከል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሕክምና ለሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ፣ ገጠርን ጨምሮ፣ በተቻለ መጠን ቅርብ ሆኖ እንዲሰጥ በአንቀጽ 25 ይጠይቃል። በሬ ሸጠው ሄደው «አልጋ የለም» የተባሉ አባት መብታቸውም የልጃቸውም መብት ተጥሷል፤ እንደ ጥፋተኛ ሊጠየቁ የሚገባቸውም እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስለ ሕሙማን መብት ስንናገር ብዙ ጊዜ «አትንኩኝ» የሚለውን ብቻ እናነሳለን፤ «ድረሱልኝ» የሚለውም እኩል መብት ነው። ሁለተኛው ሲጠፋ ነው ቤተሰብ ገመድ የሚያነሳው።

ወደ እኅታችን ጥያቄ ስመጣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ይኸው ቁጥር አሳዳሪ በሥሩ ያለውን አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ ሰው ለጤናው በሚጠቅም ሕክምና የማሳከም ሥልጣኑን ይጠብቅለታል። ከዚህ የምንረዳው ወንድምዎ በፍርድ ቤት ውሳኔ መብቱን በራሱ እንዳይሠራበት ካልተከለከለ በስተቀር፣ የ26 ዓመት ሰው እንደመሆኑ፣ በእሱ ፈንታ «እሺ» የማለት ሥልጣን በሕግ ለአባትም ለእናትም ለእኅትም አልተሰጠም። በሐኪም ያልታዘዘ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ወጥቶ በድብቅ መሰጠቱ ደግሞ ዘመድዎንም በሙያው የሚያስጠይቀው ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋጌ ላንሳ። የዚያው ሕግ ቁጥር 342 ከ2,000 ያነሰ ሰው በሚኖርበት የገጠር አካባቢ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትንና በዚህም የመንቀሳቀስ ነፃነቱን የቀነሱበትን ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ እንደሆነ ይቆጥረዋል። የድንጋጌው ዓላማ መከላከያ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ጊዜ የገባውን ውል በኋላ ራሱ እንዲቃወመው በር ይከፍትለታል፤ መሬቱን ወይም ከብቱን ታሞ ሳለ አታልለው እንዳይወስዱበት ነው። ቢሆንም አጻጻፉ እኔን ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ሕጉ የገጠሩን ታማሚ የሚያውቀው በሐኪም ምርመራ ሳይሆን በመታሰሩ ነው። ታስሮ የሚገኝ ሰው በመታሰሩ ብቻ እንደ እብድ ሊቆጠር ይችላል፤ የታሰረበት ምክንያት ውርስ ወይም የመሬት ጠብ ቢሆንስ? ድንጋጌው ማሰርን እንዳልፈቀደ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሆኖም ማሰርን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ የተጻፈ ሕግ ነውና ሊሻሻል ይገባዋል እላለሁ። ከዚህ ይልቅ የበላይ የሆነው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ማንም ነፃነቱን እንዳያጣ፣ በአንቀጽ 18 ደግሞ ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ያዛል።

በባለሙያዎች መካከል ያልተቋጨ ክርክር መኖሩንም ልደብቅ አልፈልግም። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት ከሌላው እኩል የመወሰን ችሎታ እንዳላቸው ይናገራል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ በሰው ፈንታ መወሰን ቀርቶ ሰውየው ራሱ እንዲወስን በማገዝ ይተካ ብሏል፤ ብዙ ሐኪሞች ግን በጽኑ በታመመ ሰው ላይ ይህ ፈጽሞ የማይሠራበት ሰዓት አለ ብለው ይሞግታሉ። እኔ አባታችን የነገሩንን ሌሊት ሳስብ ሐኪሞቹ የሚሉት ይገባኛል። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ገመድና የሁለት ወር ከአሥር ቀን ሰንሰለት አንድ አይደሉም። አባት ሌላውን ጫፍ በራሳቸው ወገብ ያሰሩት ገመድ ሲነጋ ይፈታል፤ ምሰሶ ላይ የታሰረውን ግን የሚያስታውሰው የለም።

ሰንሰለት ደኅንነት ነው ለሚሉ ደግሞ የሕንዱን ታሪክ ላስታውስ። በታሚል ናዱ ግዛት ኤርዋዲ በሚባል ስፍራ፣ ፈውስ ፍለጋ ወደ አንድ ቅዱስ መቃብር የመጡ የአእምሮ ሕሙማን በዙሪያው በተሠሩ የሣር መጠለያዎች ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2001 ጎህ ሳይቀድ እሳት ተነሳና መሸሽ ያልቻሉ 28 ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ሕሙማንን በማንኛውም መልክ በሰንሰለት ማሰርን ከለከለ፤ በዚያው ሕግ ሰው በጤናው ጊዜ ሲታመም እንዴት መታከም እንደሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ፈቀደ። ከላይ «ታምሜ አውቃለሁ» ያሉት ወንድማችን ከእናታቸው ጋር የጻፉት ወረቀት ይኸው ነው።

መልስ 5፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ

ከጠበል ስፍራ አገልጋዮች አንዱ ነኝና አጭር ቃል ልጨምር። ሰንሰለት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ቀኖናም ጸሎትም አላዘዘውም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ሲኖር የነበረውን ሰው በሰንሰለትና በእግር ብረት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጌታችን ግን አነጋገረው፤ በመጨረሻም ለብሶ፣ ልብ ገዝቶ ተቀምጦ ተገኘ። መድኃኒትን በተመለከተ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለአእምሮ ሕመም የተለየ ትምህርት የለንም። ሱባኤ የሚገባ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለአጥማቂውም ለንስሐ አባቱም ይንገር፤ ያለ ፈቃዱ የሚጠመቅም አይኑር፤ ጥምቀት ቅጣት አይደለምና።

የነርሷ ተጨማሪ መልስ

አገልጋያችን ያነሱት ጾምና ሱባኤ ስላለ አንድ ነገር ብቻ ላክል። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ሰዓት ውኃና ምግብ ሳይቀምስ ከቆየ፣ ወይም ጠበል ጠጥቶ ካስመለሰውና ካስቀመጠው፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ከሱባኤ በፊት ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው። ለአባታችንም፣ ሌሊቱን ማን አብሮን ያድራል ላሉት፣ ሙሉ መልስ የለኝም። ዛሬ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመምን ለማከም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ስላሉ በሬ ሳይሸጥ የሚገኝ ሕክምና እንደ ድሮው የራቀ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው የሚጠፋበት ወር ግን አለ፤ እንዲያ ባለው ወር እኔም ቤተሰብን ባዶ እጁን መልሻለሁ።

የጠያቂዋ መልስ (ከ12 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ መርፌ ተሰጠውና ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ተፈታ። በመንገድ ላይ «ምን ሆኜ ነው?» ሲለኝ ልዋሸው አልቻልኩም፤ እናታችንም ራሷ መናገር ፈለገች። ማታ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ የክኒኑን ማሸጊያ ከፊቱ አስቀምጣ ያደረገችውን ነገረችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው። አልተቆጣም። ማሸጊያውን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው፤ «ስንት ስንት ነበር?» ብሎም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ከቤት የተፈላ ቡና አልጠጣም፤ ምግቡንም ከአንድ ትሪ ሌላው ከበላበት ወገን ብቻ ነበር የሚቆርሰው። «ታምሜ አውቃለሁ» ያሉት ወንድማችን የጻፉትን ባላነብ ኖሮ በዚህ እንደነግጥ ነበር፤ አሁን ግን እንዲፈትሸን ተውነው።

በአምስተኛው ቀን ራሱ ቡና አፈላ። ክኒኑን ለምን እንዳቆመ ስጠይቀውም፣ መጽሐፍ ሲያነብ መስመሩ እንደሚጠፋበት፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት ነገረኝ። ትምህርቱን መጨረስ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ለስምንት ወር በልቡ ይዞት የኖረው ይህ ነበር። ወደ ክትትል ለመሄድ ተስማምቷል፤ ሁለት ነገር ግን ጠይቋል። አንደኛው ከነርሷ ወይም ከሐኪሙ ጋር እኛ ሳንኖር ብቻውን መነጋገር ነው፤ ሁለተኛው ማንም እጁን እንዳይይዘው። አባታችን ሁለቱንም በፊቱ ቃል ገብተውለታል። ስለሚወጋው መርፌ ነግሬው አልወሰነም፤ መጀመሪያ ልጠይቅ ብሏል። ስለ ወረቀቱም አንስተንለት ዝም አለ፤ በማግስቱ ግን ደብተሩን አውጥቶ አንድ መስመር ጽፎ አሳየኝ፤ ሲታመም ወደዚያ ክፍል እንዳንመልሰው የሚል ነው። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ የቀጠሮ ካርዱን የያዘው እሱ ነው።